ራውተራችሁ ውስጥ ላለው ሊኑክስ የምንጭ ኮድ ስለመከልከላችሁ የቀረበ ቅሬታ

ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ በጂፒኤል ፈቃድ መሠረት የምንጭ ኮድ (ፕሮግራመሮች የጻፉት የፕሮግራሙ ጽሑፍ) እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ከእናንተ የገዛሁት ራውተር ይሠራል፤ ቅሬታዬ ስለ ፍጥነቱ አይደለም። በመመሪያው የመጨረሻ ገጽ፣ ዓይን በሚያደክም ደቃቅ ፊደል፣ መሣሪያው የሊኑክስ ከርነልን (የሥርዓተ ክወናውን እምብርት) እና ቢዚቦክስን (የመሠረታዊ ትእዛዞች ጥቅል የሆነ ፕሮግራም) እንደያዘ፣ ሁለቱም ሶፍትዌርን የመቅዳት፣ የመለወጥና የማሰራጨት መብት በሚሰጠው ፈቃድ፣ በጂፒኤል ሁለተኛ እትም፣ እንደሚተዳደሩ፣ የምንጭ ኮዱን የፈለገ ሰውም በኢሜይል መጠየቅ እንደሚችል ጽፋችኋል። ጠየቅሁ። የደረሰኝ መልስ ኮዱ የኩባንያው ምስጢር ስለሆነ ለደንበኛ አይሰጥም የሚል ነው።

የማን ምስጢር? ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረውን፣ ከዚያ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በይፋ የጻፉትን ከርነል ሳንቲም ሳትከፍሉ ወስዳችሁ ሸጣችሁልኛል። መሸጣችሁን አልቃወምም፤ ፈቃዱም አይከለክልም። ግን የፈቃዱ አንቀጽ 3 ኮዱን ከዕቃው ጋር እንድትሰጡ፣ አለዚያም ቢያንስ ለሦስት ዓመት የሚጸና የጽሑፍ ቃል እንድትገቡ ያዛል። ያ ደቃቅ ጽሑፍ እኮ ይኸው ቃል ነው! አንቀጽ 4 ደግሞ ግዴታውን የጣሰ የማሰራጨት መብቱን ወዲያውኑ እንደሚያጣ ይደነግጋል። ታዲያ ዛሬ በመደብራችሁ የተደረደሩትን ራውተሮች የምትሸጡት በማን ፈቃድ ነው?

ኮዱን የፈለግሁት ለዚህ ሞዴል የደኅንነት ማሻሻያ ማውጣት ስላቆማችሁ ነው። የድጋፍ ሠራተኛችሁ የሰጡኝ ምክር አዲስ እንድገዛ ነበር፤ ደህና የሚሠራ ዕቃ በሶፍትዌር ቀዳዳ ምክንያት የሚጣልበት ምክንያት አይታየኝም። ራውተር አምራቹ ሊንክሲስ በ2003 እ.ኤ.አ. በተመሳሳይ ጥያቄ ተወጥሮ የደብሊውአርቲ54ጂ ራውተሩን ኮድ ሲለቅ ከዚያ ኮድ ኦፕንደብሊውአርቲ የተባለ ነጻ የራውተር ሶፍትዌር ተወለደ፤ ዛሬ አምራቾቻቸው የተዉአቸውን ብዙ ራውተሮች በሥራ ላይ ያቆያል። ሊንክሲስም አልከሰረበትም፤ እንዲያውም ሊኑክስን ለሚፈልጉ ደንበኞች ደብሊውአርቲ54ጂኤል የተባለ ሞዴል ለብቻው አወጣ። የሊንክሲስ ባለቤት የነበረው ሲስኮ ግን የፈቃዱን ግዴታ በሚገባ ባለመወጣቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ጂፒኤልን ባወጣው ድርጅት፣ በፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን፣ ተከሶ በቀጣዩ ዓመት በስምምነት ጨርሷል።

የምጠይቀው በእኔ ራውተር ላይ የተጫነውን የከርነልና የቢዚቦክስ እትም ሙሉ ኮድ፣ ለማጠናቀር (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ለመለወጥ) እና ለመጫን ከተጠቀማችሁባቸው ስክሪፕቶች ጋር ነው። ማንም ከኢንተርኔት የሚያወርደውን ጥሬ ከርነል ልካችሁ «ይኸው» እንዳትሉኝ አደራ፤ እናንተ የለወጣችሁት ነው የሚያስፈልገኝ። ራሳችሁ የጻፋችሁትን፣ ከእነዚህ ተለይቶ የቆመውን የቅንብር ገጽ ኮድ አልጠየቅሁም፤ እርሱን ምስጢር ማለት ትችላላችሁ። የመላኪያ ወጪውን እከፍላለሁ።

በ30 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ካልመለሳችሁልኝ የመመሪያውን ገጽና የእምቢታ ደብዳቤያችሁን ቅጂ ለኮዱ የቅጂ መብት ባለቤቶች እልካለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የድርጅታችሁ ደንበኛ