ቅዳሜ የወንዝ አኳሪየም እንሠራለን

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገርጂ እኔ ቤት ተሰብስበን የወንዝ አኳሪየም፣ ማለትም ውኃው እንደ ወንዝ የሚፈስበት የዓሣ ገንዳ፣ እንሠራለን። ገንዳው ዝግጁ ነው፤ ርዝመቱ 1 ሜትር፣ የሚይዘው ደግሞ 200 ሊትር ያህል።

በአንዱ ጫፍ ፓምፕ፣ በሌላው ስፖንጅ ይቀመጣል። ሁለቱን ጠጠር ሥር በሚያልፍ የፒቪሲ ቧንቧ እናገናኛለን። ፓምፑ ውኃውን ከላይ በአንድ አቅጣጫ ይገፋል፤ ውኃው በስፖንጁ ገብቶ በቧንቧው ይመለሳል። ቧንቧውን አናጣብቅም፣ ለማጠብ ያስቸግራል።

እናንተ ለስላሳ የወንዝ ድንጋይ ይዛችሁ ኑ። መጀመሪያ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፤ ውኃውን ስለሚቀይረው እዚያው ተዉት። ስታጥቡት በብሩሽና በውኃ ብቻ። ሳሙና እንዳይነካው አደራ!

በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ያላችሁም አምጡልኝ። ባለፈው ዓመት ሌሊት መብራት ጠፍቶ፣ ሲነጋ ስድስት ዓሣ ተገልብጠው አገኘሁ። የወንዝ ዓሣ ውኃው ሲቆም ቶሎ ይታፈናል።

ዓሣ ግን ማንም እንዳያመጣ። የዓሣን ቆሻሻ የሚያጣራው ጠቃሚ ባክቴሪያ እስኪራባ ገንዳው ውኃ ተሞልቶ ጥቂት ሳምንታት ያለ ዓሣ ይቆያል። እስከዚያ የትኛውን ዓሣ እንደምናስገባ እንወስን፦ ዚብራ ዳኒዮ (ባለ መስመሩ ትንሽ ዓሣ) ወይስ ጋራ? ተራራውን አይደለም፤ ድንጋይ ላይ የሚለጠፈውን የወንዞቻችንን ዓሣ ማለቴ ነው። እኔ ለጊዜው ዳኒዮ እላለሁ። ጠንካራ ነው፣ የአዲስ አበባን ቅዝቃዜም ይችላል።

የምትመጡ፣ ምርጫችሁንና የምታመጡትን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።