የባቡር ማለፊያ ካርድ ሲገዛ የሚረሱ ነገሮች

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

አውሮፓን በባቡር በርካሽ ለመዞር የሚያስቡ አንባቢዎች መጀመሪያ የመኖሪያ አገራቸውን ይዩ። አውሮፓ ውስጥ በሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር ሰው፣ ፓስፖርቱ የኢትዮጵያም ቢሆን፣ የሚገዛው ኢንተርሬይል የተባለውን የባቡር ማለፊያ ካርድ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣ ግን ዩሬይል የተባለውን። ሁለቱም 33 አገሮችን ይሸፍናሉ። የኢንተርሬይል ተጓዥ በሚኖርበት አገር ውስጥ ካርዱ የሚሠራለት ለመውጫና ለመመለሻ፣ ሁለት ቀን ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚከስረው በመቀመጫ ማስያዣ ነው። በፈጣን ባቡሮች፣ ማለትም በፈረንሳይ ቲጂቪ፣ በጣሊያን ፍሬቻሮሳ፣ በስፔን አቬ እና ወደ ለንደን በሚሻገረው ዩሮስታር ካርዱ ብቻውን አያሳፍርም፤ ለእያንዳንዱ ጉዞ ተጨማሪ ይከፈላል። ለካርድ ባለቤቶች የሚተወው ወንበር ውስን ስለሆነ በአውሮፓ በጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ቶሎ ያልቃል። ጀርመን፣ ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ ውስጥ ግን አብዛኛውን የቀን ባቡር ዘው ብሎ መሳፈር ይቻላል። የካርዱ ጥቅም እውነት የሚታየውም እዚያ ነው። ኢታሎ፣ ፍሊክስትሬይንና ዊጎ የተባሉት ባቡሮች ካርዱን ከነጭራሹ አይቀበሉትም።

ካርዱ የሚፈቅደው እያንዳንዱ የጉዞ ቀን ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ቀጣዩ ሌሊት 6 ሰዓት ይቆጠራል። ማታ 4 ሰዓት ተነሥቶ ጠዋት የሚደርስ ባቡር የሚበላው የመነሻውን ቀን ብቻ ነው፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ሌላ ባቡር ከቀየሩ ግን ሁለተኛ ቀን ይሄዳል። ከመሳፈር በፊት ጉዞውን በስልክ መተግበሪያው ላይ መመዝገብ ግድ ነው፤ ያልመዘገበ ይቀጣል።

ካርዱ ቪዛ አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ የሸንገን ቪዛ ይዞ ወደ ለንደን የተሻገረ፣ የእንግሊዝ ቪዛ ቢኖረውም፣ እንግሊዝ ከሸንገን ውጭ ስለሆነች ወደ ፓሪስ መመለስ አይችልም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ