እማዬ፣ የጠየቅሽኝ የክሬም ዳቦ

ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የደብረ ብርሃን ብርድ አልበረታብሽም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ስለ እኔ ምንም አታስቢ።

ባለፈው በስልክ ያሳየሁሽን ዳቦ አሠራሩን ልነግርሽ ስጀምር ኔትወርኩ ተቆራረጠና ተውነው። «በወረቀት ጻፊልኝ፣ ልጅቷ ታነብልኛለች» ስላልሽ ይኸው ጻፍኩልሽ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ሰው ትንሽ ዕቃም ይዞልሻል። አንቺ የምታነቢላት የእህቴ ልጅ ደግሞ፣ መጠን የተጻፈበት ቦታ ስትደርሺ ቀስ በይ። አያትሽ ሁሉን በጭንቅላቷ ነው የምትይዘው።

ነገሩ ላንቺ ባዳ አይደለም እማ። ዳቦ በዘይት ይጠበሳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ጎኑ ይሰነጠቅና ክሬምና ፍራፍሬ ይገባበታል። መጥበሱን ዕድሜሽን ሙሉ ሠርተሽዋል። እኔ የምጨምርልሽ ክሬሙን ነው።

ጃፓኖች ሁለት ነገር አጋብተው ነው የሠሩት። አንዱ የሀብታም፣ ሌላው የተማሪ ምግብ ነው።

የሀብታሙ የፍራፍሬ ሳንድዊች ነው። «ፍሩትስ ሳንዶ» ይሉታል። ጠርዙ የተቆረጠ ለስላሳ ነጭ ዳቦ መሃል ክሬምና ፍራፍሬ ያደርጉበታል። እዚህ አገር ጥሩ ፍራፍሬ ማለት ስጦታ ነው፤ ሰው ለመጠየቅ ስትሄጂ ይዘሽው የምትሄጂው። ቶኪዮ ውስጥ በፈረንጆች አቆጣጠር 1834 የተከፈተ ሴምቢኪያ የሚባል የፍራፍሬ ቤት አለ። አንዱ ሜሎን ብቻ ከ10,000 የን በላይ ይሸጣል። ኒሆንባሺ በሚባለው ሰፈር ያለው ዋናው ሱቃቸው ፎቁ ላይ ይህንን ሳንድዊች ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ። አሁን ግን የሀብታም ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በየመንገዱ ጥግ ሌሊቱን ሙሉ የማይዘጋው ሱቅም በላስቲክ ጠቅልሎ ይሸጠዋል።

የዚያ ዳቦ ልስላሴ ደግሞ ሌላ ነው። ከዱቄቱ ከፊሉን በፈላ ውሃ ያሹትና ያሳድሩታል፣ በነጋታው ከቀረው ሊጥ ጋር ይቀላቅሉታል። አንቺ ለእንጀራሽ አብሲት እንደምትጥይው ማለት ነው። በፈላ ውሃ የተነካው ዱቄት ውሃውን አጥብቆ ስለሚይዝ ዳቦው ቶሎ አይደርቅም። ይህንን ያወቅሁ ቀን በጣም ነው ደስ ያለኝ።

የተማሪው «አገፓን» ነው። የተጠበሰ ዳቦ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ አገር ተርቦ ነበር። ትምህርት ቤቶች ከአሜሪካ በሚመጣ የስንዴ ዱቄት ዳቦ እየጋገሩ ከዱቄት ወተት ጋር ልጆቹን ያበሉ ነበር። ኋላም በ1954 የትምህርት ቤት ምሳ ራሱን የቻለ ሕግ ወጣለት። አገፓንን የፈጠረው ኦታ በሚባለው የቶኪዮ ክፍል፣ በ1952 የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነው ይባላል። ልጅ ታሞ ከቀረ የድርሻው ዳቦ ወደ ቤቱ ይላክለት ነበር። እስኪደርሰው ግን ይደርቃል። ሰውየው ዳቦውን በዘይት ጠበሰና ስኳር ነሰነሰበት። ደርቆ የነበረው ዳቦ ጣፈጠ።

ይህንን ስሰማ ማን ትዝ እንዳለኝ መቼም ይገባሻል። ቦምቦሊኖው ተሽጦ ሲያልቅ፣ ዘይቱ ሳይበርድ፣ ያደረውን ፉርኖ እየቆረጥሽ ትጥይልን ነበር። ስኳሩን በጣትሽ ቆንጥረሽ ከላይ ታደርጊልን ነበር። አፋችን እየተቃጠለ ወደ ትምህርት ቤት እንሮጥ ነበር። እዚህ የሰውየውን ሥራ ሰዎች በክብር ያወሩታል። ያንቺን ሥራ በክብር ያወራ ሰው አላየሁም። ስለዚህ እኔ አወራዋለሁ። በሥራ ቦታዬም፣ ከጓደኞቼ ጋርም አወራዋለሁ።

የምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ 83 ዓመት የሞላቸው እናት አሉ። ብዙ አያወሩም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለሻይ አገፓን ቀረበ። ገና ሲያዩት ወሬ ጀመሩ። የዚያን ጊዜው የዱቄት ወተት ሽታው ስለሚያስጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው ይጠጡት እንደነበር፣ አገፓን ባለበት ቀን ግን ማንም ከትምህርት ቤት እንደማይቀር ነገሩኝ። ጣታቸው ላይ የቀረውን ስኳር አንድ በአንድ ላሱት። እኔም ስለ አንቺ ነገርኳቸው። «እናትሽ አሁንም ትጠብሳለች?» አሉኝ። «ጉልበቷን ስላመማት ትታለች» አልኳቸው። «ቁጭ ብላ መጥበስ አትችልም?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ደብዳቤውን የጻፍኩትም አንድም በእሱ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው።

ለአራት ሰው አራት ትናንሽ ፉርኖ ይበቃል። ያደረ ይሁን። ትኩስ ዳቦ ዘይት ውስጥ ይልፈሰፈሳል፣ ያደረው ግን ቅርጹን ይይዛል። ዘይት መወደዱን አውቃለሁና ሰፊ መጥበሻ አትጠቀሚ። ጠበብ ያለ፣ ጎድጎድ ያለ ድስት ውስጥ አንድ አንድ እያልሽ ጥበሺ። እዚህ ሰዎች ዘይቱ ከ170 እስከ 180 ዲግሪ መድረሱን በቴርሞሜትር ይለካሉ። አንቺ አያስፈልግሽም። ቅንጣት ዳቦ ጣይበት፤ አረፋ እያወጣ ወዲያው ከተንሳፈፈ ደርሷል፣ ቶሎ ከጠቆረ በዝቷል። ከሰል ላይ ከሆነ ድስቱን አንሺው እንጂ ከሰሉን አትነካኪ ስትይን ትዝ ይለኛል። ዳቦው እኮ የበሰለ ነው፤ የምንፈልገው ላዩ ወርቃማ እንዲሆን ብቻ ነው። በአንድ ጎን ግማሽ ደቂቃ ወይም ትንሽ አለፍ ቢል፣ ከዚያ ገልብጪው። ከቆየ ዘይት ይጠጣል።

ስታወጪው በጎኑ አቁሚው፣ ዘይቱ ይንጠፍጠፍ። ትኩስ እያለ ስኳር ውስጥ አንከባሊው፤ ከቀዘቀዘ ስኳሩ አይዘውም። ከዚያ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ዳቦው በደንብ ካልቀዘቀዘ ክሬሙ ቀልጦ ውሃ ይሆናል። ላዩ ቢቀዘቅዝም ሆዱ ሙቀት ይዞ ይቆያል። ጎኑን ሰንጥቂውና በእጅሽ ጀርባ ውስጡን ንኪው።

ክሬሙ 200 ሚሊ ሊትር ይሁን። ስኳሩ 20 ግራም፣ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ያህል። ዳቦው ላይ ስኳር ስላለ ክሬሙ ብዙ ባይጣፍጥ ይሻላል። ክሬም ስትገዢ ቅባቱ ከመቶ 35 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ጠይቂ። የቀጠነው ቀኑን ሙሉ ቢመታ አይቆምም። የተፈላ ወተት ላይ የሚያርፈውን ስልባቦት ሰብስቤ ልምታ እንዳትዪ፤ እሱ አይሆንም። ከወተት መሸጫ ካጣሽ ኬክ ቤት ጠይቂ።

ክሬም ሲቀዘቅዝ ነው የሚመታው፤ ቅባቱ ጠንከር ካላለ አየሩን አይዝም። እዚህ በበጋ ጎድጓዳ ሳህኑን በረዶ ላይ አስቀምጠን ነው የምንመታው። ለናንተ ብርዱ በነፃ አለላችሁ! ክሬሙንም ሳህኑንም ሌሊቱን ሲበርዱ አሳድሪያቸው፣ ጠዋት ምቺው። መምቻው ሲነሳ ጫፉ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ወዲያው አቁሚ። እዚህ ጋ ነው የምሰጋልሽ። መናጥ የለመደ እጅ ማቆም ይከብደዋል። ትንሽ ካለፈ ይቆራረጥና ወደ ቅቤ ይሄዳል። መምታቱን ለልጅቷ ስጫት፣ አንቺ እያየሽ «በቃ» በያት።

ፍራፍሬው እዚያ የምታገኙት ይበቃል። እዚህ እንጆሪው ከታኅሣሥ አካባቢ ጀምሮ እስከ ጸደይ ይወጣል፣ ሁሉም የሚወደውም እሱን ነው። ለናንተ የአርባ ምንጭ ሙዝ አለ፣ ወቅቱ ሲሆን ማንጎ አለ። ማንጎው የበሰለ ሆኖ ያልላላ ይሁን። ሙዙ እንዳይጠቁር ሎሚ ጠብ አድርጊበት። ፓፓያ፣ አናናስና ኪዊ ግን ጥሬያቸውን ከክሬም ጋር ካቆየሻቸው ያመርራሉ። ውስጣቸው የወተትን ፕሮቲን የሚሰባብር ነገር አለ። ከፈለግሽ ልትበሉ ስትሉ ብቻ ጨምሪ። የትኛውንም ፍሬ አጥበሽ በንጹሕ ጨርቅ አድርቂው። አንዲት ጠብታ ውሃ ክሬሙን ታበላሸዋለች።

ከዚያ ሥሩ ላይ ክሬም፣ ፍሬው፣ ላዩ ላይ እንደገና ክሬም። ሱቅ ውስጥ ያለው ሳንድዊች ሲቆረጥ ፍሬው ሙሉ ፊቱን የሚያሳየው ቢላው የሚያልፍበትን መስመር አስቀድመው አስበው ፍሬውን በዚያ ላይ ስለሚደረድሩት ነው። በላስቲክ ጥብቅ አድርገው ጠቅልለው ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩታል፣ ቢላውን በሙቅ ውሃ ነክረው ጠርገው ይቆርጡታል። የተጠበሰው ዳቦ ግን ብዙ ከቆየ ላዩ ይለሰልሳል። ላዩ ከሽ ሲል ውስጡ ቀዝቃዛ መሆኑ ነው ጣዕሙ። ስለዚህ እንደተሠራ ይበላ።

አንድ ነገር አደራ። እዚህ አዛውንቶች ዳቦ ጉሮሯቸውን ይዞ ብዙ ጊዜ ይቸገራሉ፤ ሥልጠና ላይም አጥብቀው ነው የነገሩን። ጥርሶችሽን ካስነቀልሽ ወዲህ በደንብ እንደማታኝኪ እህቴ ነግራኛለች። በትንሽ በትንሹ ቆርጠሽ ብዪ፣ በመሃል ሻይ ጠጪ፣ ቀና ብለሽ ተቀመጪ። እያወራሽ አትጉረሺ።

ከፋሲካ በኋላ እዚሁ ካትሱሺካ፣ ዮትሱጊ አካባቢ ያለን ኢትዮጵያውያን ለቡና ተሰብስበን ይህንኑ ሠርቼ ወስጄ ነበር። ቶኪዮ ውስጥ የኛ ሰው በብዛት ያለው በዚህ በኩል ነው። «ባለ ክሬም ቦምቦሊኖ!» ብለው ተሻሙት። አንዷ ልጅ ክሬሙን በማንኪያ ለብቻው በላችው። እኔ ግን የራሴን ስቀምስ ያንቺ አልሆነልኝም። ዘይቱ ደርሷል አልደረሰም የሚለውን አንቺ ድምፁን ሰምተሽ ታውቂ ነበር። ፊትሽን እንኳ አታዞሪም፤ ሽንኩርት እየላጥሽ «ገልብጪው» ትዪኝ ነበር። ይህንን ማንም ወረቀት ላይ ሊጽፍልኝ አይችልም።

እና እማዬ፣ «አሁን እጄ አይሠራም፣ ተውኩት» የምትዪውን አልቀበልም። ሥራውን መተውሽ ደግ አደረግሽ። በጭስና በብርድ ቆመሽ ስንት ዓመት አሳደግሽን፤ ከእንግዲህ ለሽያጭ ማንም እንዲያቆምሽ አልፈልግም። ግን ልጅቷ አንድም ቀን ስትጠብሺ አላየችሽም። እኔና እህቴ ያየነውን እሷም ትይ። ዱካ ላይ ቁጭ በይ፣ እሷ ትቁም። አንቺ ዘይቱን ስሚ፣ እሷ ትገልብጥ። የመጀመሪያውን ደግሞ ለጎረቤት እንዳትልኪ። አንቺ ብዪው።

የላክሁልሽ ዕቃ ሦስት ነው። የክሬም መምቻ አለ፣ የሽቦ ነው፣ መብራት አይፈልግም። ምግብ የሚጠቀለልበት ስስ ላስቲክ አለ። በወረቀት የታሸገው ዱቄት «ኪናኮ» ነው፤ ተቆልቶ የተፈጨ አኩሪ አተር። እዚህ ከስኳር ጋር ደባልቀው አገፓን ላይ ይነሰንሱታል። ጨውም ቆንጠር ያደርጉበታል። ክሬሙ የፍስክ ነው፣ ለረቡዕና ዓርብ ግን ኪናኮው ይሆንሻል፤ ውስጡ ወተትም ቅቤም የለበትም። ዳቦ ቤቱን ብቻ ፉርኖው ውስጥ ወተት እንዳይኖር ጠይቂ። ዱቄቱን ከከፈታችሁት በኋላ እርጥበት እንዳይነካው ክዳን ባለው ነገር ውስጥ አድርጉት።

እሁድ ከቅዳሴ ስትመለሺ እደውላለሁ። ክሬም የት እንዳገኛችሁና ስንት እንደሆነ ንገሩኝ፤ ገንዘቡን ለእህቴ እልክላታለሁ። የጉልበትሽን መድኃኒት እንዳታቋርጪ።

ጉልበትሽን እስማለሁ።

ልጅሽ፣ ከቶኪዮ