ለማታ የተደበቀ ዳቦ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የተጣሉ ልጆችን የሚያሳዩ ፊልሞቻችን ለምን እውነቱን ይሸሻሉ? ሰሞኑን ከልጄ ጋር አንዱን አየሁ። የጎዳና ልጅ የተባለው ፊቱን ጥላሸት ተቀብቷል፤ ጥፍሩ ግን በሥርዓት ተከርክሟል። መጨረሻ ላይ ሀብታም አባቱ ተገኘና አለቀ።

እኔ ጎንደር ፒያሳ ጠዋት ጠዋት የማየው ልጅ እንዲህ አይደለም። የሚያድረው ማዳበሪያ ውስጥ ነው። ፀሐይ ሞቅ እስክትል ከዚያ አይወጣም፤ ብርዱ አይቻልም። አንድ ቀን ዳቦ ስሰጠው ግማሹን ቆርሶ ሸሚዙ ውስጥ ከተተ። «ለማን ነው?» አልኩት። «ለማታ ነው፣ እትዬ» አለኝ። ይቺን ቃል አንድም ፊልማችን ውስጥ አልሰማኋትም።

ፊልም ማዝናናቱን አልጠላም። ቻርሊ ቻፕሊን እ.ኤ.አ. በ1921 የተጣለ ሕፃን ታሪክ ይዞ ዓለምን አስቋል። ግን እሱ ራሱ በሰባት ዓመቱ ለንደን ውስጥ የድሆች መጠለያ የገባ ልጅ ነበር፤ ረሃብን ያውቀዋል። የሊባኖሷ ናዲን ላባኪ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው «ካፐርናም» ደግሞ ዋናውን ልጅ ሆኖ የተወነው ያኔ ቤይሩት ይኖር የነበረ ሶሪያዊ ስደተኛ ነው። እዚያ ፊልም ውስጥ ያለ ወረቀት የምትሠራ ኢትዮጵያዊት እናትም አለች። የእኛን ጉድ ሌላ አገር ሰው ሲነግረን ያማል።

ባለሙያዎቻችን መናኸሪያው ደጃፍ አንድ ሌሊት ይደሩ። ልጆቹን ያናግሯቸው። ሀብታሙን አባት ካስፈለገ ያምጡት፤ መጀመሪያ ግን ያቺን ግማሽ ዳቦ ያሳዩን።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር