ደሴ መቼ ትመጪያለሽ?

እህትዓለም፣

እንዴት ነሽ? የእማማ ጉልበት ተሻለው? ዝምታዬ እንደበዛ አውቃለሁ፤ ይቅር በይኝ። ስትመጪ ቡና እያፈላን የፈለግሽውን ያህል ትወቅሽኛለሽ። ያ ሰውዬሽ አሁንም ሙጋድ አካባቢ አለ፤ ችሎት የሚገባውም ያንኑ ቡናማ ቦርሳ ይዞ ነው። አላገባም። እኔ ምንም አላልኩም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጨንቆኝ ነው የጻፍኩልሽ።

ለሕፃናትና ለቤተሰብ ጉዳይ የሚቆሙ የሕግ ረዳቶችን እያሰለጠንን ነው። ከኩታበር፣ ከሐይቅ፣ ከሐርቡና ከኮምቦልቻ የመጡ ናቸው። ገሚሶቹ አዲስ ጠበቆች፣ ገሚሶቹ የቀበሌ የሴቶችና ሕፃናት ባለሙያዎች ናቸው። አበጋር የሆኑ፣ ጠብ የሚያስታርቁ ሽማግሌዎችም አብረውን አሉ። ሕጉን ጠጥተውታል። የክልላችንን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 79/1995ን፣ ጠይቂያቸው። ያለዕድሜ ጋብቻን አንሺባቸው፤ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 648 ጠቅሰው ልጅቷ 13 ዓመት ከሞላት እስከ 3 ዓመት፣ ካልሞላት እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ብለው ይነግሩሻል። በዚህ በኩል ኮርቼባቸዋለሁ።

ችግሩ ልጅ ፊት ሲቀመጡ ነው።

ባለፈው ልምምድ አደረግን። አንዷ ሰልጣኝ የስምንት ዓመት ልጅ ሆና ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወጣቱ ጠበቃ ቆሞ ነው የጀመረው። ፋይሉን ደረቱ ላይ እንደያዘ «ከአባትሽና ከእናትሽ ማንን ትመርጫለሽ?» አላት። እሷ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች። «ንገሪኝ እንጂ፣ ጊዜ የለንም» አላት። ያኔ አለቀሰች፤ የምሯን። ለካ በልጅነቷ ሽማግሌዎች ፊት አቁመው ይህንኑ ጠይቀዋት ኖሯል። «እናቴን» አለች። አባቷ ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም። እስካሁን በእኔ ቃል ነው የሄደው ብላ ታምናለች።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከአበጋሮቹ አንዱ ቆይተው «ልጅ ፊት ነገር አይነሣም ብለን ነው ያደግነው። ፍርዱ ግን እሱው ላይ ያርፋል» አሉ። ይሄ አነጋገራቸው ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።

ነገሩ እዚህ ለምን እንደሚከብድ አንቺ ታውቂዋለሽ። እናት ጅዳ ወይ ሪያድ ናት፣ አባት ሌላ ትዳር ይዟል፣ ልጁን አያት ታሳድገዋለች። እናቲቱ ብር መላክ ስትጀምር አባት «ልጄን» ብሎ ይመጣል። አያቲቱ መጻፍ አትችልም፤ ያላት ጉልበቷና ፍቅሯ ነው። አንዳንዴም ፈቃዷን ሳትጠየቅ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ እንዲህ ያለው ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ የሚዳኘው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው ይላል። ሰልጣኞቼን መጀመሪያ «እማማ፣ ፈቅደው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ እላቸዋለሁ።

ያንን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት መዝገብ፣ 23632ን፣ አንብበንላቸዋል። ሌሊት ቁጭ ብለሽ ያስነበብሽኝን። እናት ሞታ አክስት ያሳደገችው ልጅ፣ ዓመታት ርቆ የቆየ አባት፣ የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባት ሲወስኑ ሰበር በ2000 ዓ.ም. የሻረው። አባትነት ብቻውን አይበቃም፣ የልጁ ደህንነት ይቀድማል የሚለውን ሲሰሙ ሽማግሌዎቹ «አባት እያለ አክስት?» ብለው ተከራከሩን። ክርክሩን ወደድኩት። የልጁ ደህንነት ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ልጁን መስማት ያስፈልጋል። እዚያ ላይ ነው የተያዝነው።

አንቺ ልደታ ፍርድ ቤት ሠርተሻል። ልጅ ሌላ ክፍል ሆኖ፣ የዳኛው ጥያቄ በባለሙያዋ በኩል በሚገባው ቋንቋ ሲደርሰው፣ ዳኛውም በስክሪን ሲከታተለው አይተሻል። እኛ ስክሪን የለንም። አንድ ጠባብ ክፍልና ሁለት ወንበር ነው ያለን። ያም ቢሆን የት እንደምንቀመጥ፣ ዘመዶቹን እንዴት እንደምናስወጣ፣ ዝም ሲል ምን ያህል እንደምንጠብቀው፣ አንዴ የነገረንን ለፖሊስም ለዐቃቤ ሕግም ደጋግሞ እንዳይናገር ምን እንደምናደርግ ልታሳዪን ትችያለሽ። ይሄ ከመጽሐፍ አይገኝም። ሲሠራ ማየት አለባቸው።

እንዴት እንደምልሽ እንጃ... አበል የለንም። የአውቶቡስሽን እንከፍላለን፣ የምታድሪው እኔ ጋ ነው። ጠበቃ በየዓመቱ በነጻ የማገልገል ግዴታ አለበት አይደል? የዘንድሮውን ለወሎ አድርጊው። ደሞ እምቢ ብትዪኝ አልቀየምም፤ ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ መጠየቄም ከብዶኛል። ግን ና ብለው የማላፍረው ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።

ከጥምቀት በኋላ ቢሆን ይመቸናል። ዓርብ ጁምዓ ስላለ ከሰዓት ነው የምንሰበሰበው፤ ሐሙስ ብትገቢ ቅዳሜንም እንጨምራለን። ብርዱን ታውቂዋለሽ፣ ጋቢ አትርሺ።

አብሽሪ፣ መምጣቱ ባይሆንልሽ እንኳ አንድ ነገር በቴሌግራም ላኪልኝ፤ ልጁ ፊቴ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ምን ይሁን? ሰኞ አብሬያቸው ልሞክረው።

ያንቺው