የሰኔ ጥያቄ ለበጀት አይደርስም

ለአዘጋጁ፦

ሲቪል ማኅበራት ለጤና፣ ለትምህርትና ለማኅበራዊ ጥበቃ በጀት እንዲጨመር የሚወተውቱት አብዛኛውን ጊዜ ሰኔ ላይ፣ ረቂቁ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከቀረበ በኋላ ነው። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ያኔ የሚቀረው ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። ጥያቄው መድረስ ያለበት ወራት ቀድሞ፣ የገንዘብ ሚኒስቴር የበጀት ጥሪ ሲያስተላልፍ፣ መሥሪያ ቤቶቹም ፍላጎታቸውን ሳያስገቡ ነው።

«ይጨመር» ማለት ብቻውን አይበቃም። በጀቱ 10 በመቶ አድጎ ዋጋ 20 በመቶ ከናረ፣ የመግዛት አቅሙ 8 በመቶ ያህል ቀንሷል። ይህን ሳያሰሉ «በጀቱ አደገ» ብሎ ማመስገን ያሳዝናል። ደመወዝና ሥራ ማስኬጃም ተለይተው ይታዩ፤ የወረዳው በጀት በደመወዝ ካለቀ፣ ጤና ጣቢያው ባለሙያ እያለው ለጓንትና ለነዳጅ ገንዘብ ያጣል። የፌዴራሉ ድጎማ ለክልሎች በጥቅል ስለሚሰጥ፣ ይህ ክፍፍል የሚወሰነው በክልልና በወረዳ ምክር ቤቶች ነው። አዲስ አበባ ላይ ብቻ መሟገት ግማሽ መንገድ ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበራት ሕግ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን ከመብት ሥራ አግዶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተተካበት አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያንን እገዳ አንስቷል። ስለዚህ ማኅበራት በወረዳ የበጀት ውይይቶች ላይ ስሌታቸውን ይዘው ይገኙ።