ለእማዬ፦ ስለ ማድ ቤታችን እድሳት

አዲስ አበባ
ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ፍልሰታን በሰላም እንደፈታሽና ጉልበትሽም ትንሽ እንደተሻለሽ ከእኅቴ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ በስልክ የጀመርነውን የድሬዳዋ ቤታችንን የማድ ቤት ጉዳይ በእርጋታ እንድትመለከቺው ብዬ ነው። በስልክ ሳነሣብሽ «በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ማድ ቤት ምን ያደርግልኛል» ትዪና ወሬውን ወደ ልጆቹ ትወስጂዋለሽ። አሁን ግን መነጽርሽን አድርገሽ፣ ቡናሽን ጠጥተሽ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ ያልወደድሽውንም ለእኅቴ ንገሪያትና ታስታውቀኛለች።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላረጋግጥልሽ እፈልጋለሁ። በፋሲካ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ «እስከ ዛሬ የደከመችው ይበቃታል፤ ሠራተኛ ይቀጠርላትና እሷ ትቀመጥ» ሲባል ፊትሽ እንዴት እንደተለወጠ አይቻለሁ። እኔ በዚያ ሐሳብ አልስማማም። የምታግዝሽ ሰው ብትኖር ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ሊጡ መቼ እንደደረሰ በሽታው የምታውቂው፣ በርበሬው ስንት ቀን ፀሐይ ላይ እንደሚውል የምትወስኚው አንቺ ነሽና፣ ከማድ ቤትሽ ማውጣት ከቤትሽ እንደማውጣት እቆጥረዋለሁ። ስለዚህ እድሳቱ ቤቱን ለማሳመር ሳይሆን አንቺ ሳትጎጂ በራስሽ እጅ መሥራትሽን እንድትቀጥዪ ነው። ከዚህ በታች የምጽፍልሽን ሁሉ በዚሁ ዓይን ተመልከቺልኝ።

በፋሲካ ሰሞን ሜትር ይዤ ስዞር አይተሽ «ምን ትለካለህ» ብለሽኝ ነበር፤ ያኔ በቅጡ አልመለስኩልሽም። የለካሁት የሲሚንቶውን መክተፊያ መደብ ነበር። ከወለሉ እስከ ላዩ 94 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ያንቺ ክርን ደግሞ ቆመሽ ስለካው 96 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ሰው ሳይጎብጥና ትከሻውን ሳያነሣ እንዲከትፍ መደቡ ከክርኑ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። አባዬ ነፍሱን ይማረውና፣ ከምድር ባቡር ጥገና ክፍል ሲመለስ ማታ ማታ እየገነባ የሠራው መደብ ስለሆነ የለካው በራሱ ቁመት ነው፤ ለእሱ ልክ ነበር። አንቺ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሽንኩርት በከተፍሽ ቁጥር ትከሻሽን ወደ ላይ ሰቅለሽ ነው የሠራሽው፤ ማታ ማታ «አንገቴን ያዘኝ» የምትዪውም አንዱ ምክንያቱ ይኸው ይመስለኛል። አዲሱን መደብ በ84 ሳንቲ ሜትር ላይ ብናደርገው ብዬ አስቤአለሁ። የአባዬን እጅ ሥራ አፍርሰን እንደምንጥል አድርገሽ እንዳታዝኚብኝ። በጥገና ክፍሉ ብረት የበየደው መደርደሪያ ተጠርጎና ቀለም ተቀብቶ እንዳለ ይቀመጣል፤ ከፍታው ብቻ ይስተካከላል። አሁን ላይኛው እርከኑ ያለ በርጩማ አይደረስበትም፤ አንቺ በርጩማ ላይ እየወጣሽ የበርበሬውን እንስራ ስታወርጂ ባሰብኩ ቁጥር እንቅልፍ አይወስደኝም። በየቀኑ የምታነሺው ዕቃ ሁሉ ከጉልበትሽ በላይና ከትከሻሽ በታች መሆን አለበት። ከመደቡ ሥር ደግሞ ጎንበስ ብሎ በእጅ የሚዳሰስ ቁም ሳጥን ሳይሆን ወደ ውጭ የሚሳብ መሳቢያ ይሁንልሽ፤ ድስቱ ራሱ ወደ አንቺ ይመጣል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ ደፉን ማለቴ ነው። በየካቲት የወደቅሽው እዚያ ላይ መሆኑን ብትደብቂኝም እኅቴ ነግራኛለች። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ደፉን አፍርሶ ወለሉን ከግቢው ጋር እኩል ማድረግ ነበር፤ ቆይቼ ግን ለምን እንደተሠራ አስታወስኩ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ያን ሁሉ ሰው የወሰደ ጊዜ፣ ጭቃው እስከ ማድ ቤታችን ደጃፍ ደርሶ የጤፉን ጆንያ ያበላሸብን ትዝ ይልሻል፤ አባዬም በሳምንቱ ነው ያን 15 ሳንቲ ሜትር ደፍ የገነባው። ስለዚህ ደፉን አናፈርስም። በእሱ ፈንታ ከሳሎን በር እስከ ማድ ቤቱ ያለውን መተላለፊያ ቀስ በቀስ ከፍ እናደርገዋለን። ደኅና ተዳፋት ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይጠይቃል፤ ለደፉ 180 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፣ መተላለፊያችን ደግሞ ከዚያ ይረዝማል። ሲሚንቶው ሳይለሰልስ በመጥረጊያ ተጭሮ ሻካራ ይሆናል፤ በአንድ ጎኑ እጅሽን የምታሳርፊበት የብረት ቱቦ ይተከላል፤ የዝናቡም ውኃ ወደ ቦዩ እንዲሄድ ወደ ጎን ትንሽ ዘንበል ይላል። በውስጥ የሚነጠፈውም ሴራሚክ የሚያብረቀርቀው ዓይነት እንዳይሆን፤ ዘይት ሲፈስበት እንደ በረዶ ያንሸራትታል።

ስለ ምጣዱ ብዙ እጽፍልሻለሁ፤ ምክንያቱም ቤቱ ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል፤ በእኛ 220 ቮልት ሲታሰብ ከ16 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። ያ ባለሙያ ከዓመታት በፊት የገጠመልሽ መስመር ግን ለመብራትና ለሬዲዮ የሚሆን ቀጭን ገመድ ነው፤ ሶኬቱ ጠቁሮ የቀለጠውም ለዚህ ነው እንጂ ምጣዱ ተበላሽቶ አልነበረም። በአዲሱ ሥራ ለምጣዱ ብቻ ከቆጣሪው ሳጥን ራሱን የቻለ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ ይዘረጋል፤ የራሱ ባለ 25 አምፔር ብሬከርና ግራውንድ፣ ማለትም ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ፣ ይኖረዋል። በዚያ መስመር ላይ ሌላ ምንም ነገር አይሰካም፤ ማቀዝቀዣውም ቢሆን። እርጥብ እጅሽን አክንባሎው ላይ አድርገሽ ትንሽ ነዘረኝ ያልሽው ነገር ቀልድ አይደለም፤ ግራውንዱ እስኪሠራ ድረስ እባክሽ ጎማ ጫማ ሳታደርጊ አትጋግሪ፣ ምጣዱንም ሳትነቅዪ አታሰሺው።

አሁን ምጣዱ መሬት ላይ ነው፤ አንቺ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ ትጋግሪያለሽ። ስትቀመጪ ሳይሆን ስትነሺ ነው ጉልበትሽ የሚፈተነው። ስለዚህ ለምጣዱ የብረት ማስቀመጫ እናሠራና የምጣዱ ገጽ ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ ከሥሩ እግርሽ የሚገባበት ባዶ ቦታ ይተዋል፣ በተራ ወንበርም ላይ ተቀምጠሽ ትጋግሪያለሽ። የሊጡም ባልዲ ሲሞላ ከ20 ኪሎ ስለሚበልጥ ከእንግዲህ እንድታነሺው አልፈልግም፤ ጎማ ባለው ዝቅተኛ ሰሌዳ ላይ ይቀመጥና በእግርሽ ገፋ ታደርጊዋለሽ። መብራት ሲጠፋ ለሚያስፈልገው የእንጨት ምጣድና ለቡናው ከሰል በረንዳው ሥር ክፍት ቦታ እናዘጋጃለን። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ በር ተዘግቶ ከሰል ማድ ቤት ውስጥ እንዳይገባ አደራ እልሻለሁ። የቡታ ጋዙም ሲሊንደር ከግድግዳው ውጭ ይቆማል፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈተልክ ወለል ላይ ነውና የሚተኛው፣ በበሩ አጠገብ ወለሉ ግርጌ ትንሽ ቀዳዳ ይተውለታል።

የግንቦትንና የሰኔን ሙቀት ለአንቺ አልነግርሽም፤ ቆርቆሮው ራሱ ምጣድ ሆኖ ነው የሚውለው። ኮርኒስ ይሠራለታል፤ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው ሞቃት አየር የሚወጣበት ሽቦ የተገጠመለት ቀዳዳ በሁለቱም ጫፍ ይኖራል። ከበሩ ትይዩ አንድ መስኮት ይከፈታል፤ ነፋስ እንዲያልፍ መግቢያና መውጫ ያስፈልገዋልና።

ጓደኛሽ ቤት ያየሽውን ነጭ እብነ በረድ እንደወደድሽው አውቃለሁ፤ እኔም ወድጄዋለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር አስቢልኝ። የድሬዳዋ ውኃ የኖራ ድንጋይ መሐል አልፎ ስለሚመጣ ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ያንን ቅርፊት ሎሚ ጨምቀሽበት ስታፈዪው ይሟሟል። እብነ በረድም ከዚያው ከኖራ ድንጋይ የተፈጠረ ነው፤ ማንቆርቆሪያሽን ያጠራ ሎሚ መደብሽን ይበላዋል። አንቺ ደግሞ ያለ ሎሚና ያለ ቲማቲም አትውዪም። ለዚህ ግራናይት ይሻለናል፤ ከፈለግሽ ፈካ ያለውን ቀለም እንመርጣለን። ቧንቧውም ጣትሽ እንዳይታመም የሚጠመዘዘው ሳይሆን በእጀታው ከፍ ዝቅ የሚደረገው ይሁን፤ አፉ ተፈትቶ ከቅርፊቱ የሚጸዳ መሆኑንም እኅቴ ስትገዛ ታረጋግጣለች። መሳቢያው፣ እንጨትን ምስጥ ስለማይምርና ቺፕውድ ውኃ ሲነካው ስለሚያብጥ፣ በአሉሚኒየም ይሠራል። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶውን ከፍ ባለ ማማ ላይ አድርገን ከማጠቢያው ጋር እናገናኘዋለን።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ሥራው ከመስቀል በኋላ ቢጀመር ዝናቡ አልፎ፣ ሙቀቱም በርዶ ያገኘናል። ማለቅ ያለበት ግን ያለ ምንም ማመካኛ ከታኅሣሥ 19 በፊት ነው። የቁልቢ ገብርኤል እንግዶች ከአዲስ አበባም ከሌላውም አገር መጥተው ግቢያችን ውስጥ ፍራሽ ሲነጠፍ አንቺን ያለ ማድ ቤት ማግኘት አልችልም፤ ወቅቱም የነቢያት ጾም ስለሆነ ሽሮውና ምስሩ፣ ከሁሉም በላይ እንጀራው ያን ሁሉ ሰው ማጥገብ አለበት። እስከዚያው በረንዳው ላይ በቆርቆሮ ጋርደን ጊዜያዊ ማብሰያ ይዘጋጅልሻል። እንጀራውን ለእነዚህ ሳምንታት ከጎረቤት ብንገዛ ቅር እንዳይልሽ።

ለግንበኛውም ሆነ ለአናጢው ከቀብድ በስተቀር ገንዘብ ቀድሞ አይሰጥም፤ ሥራው በደረሰበት ልክ እኔ ለእኅቴ እልካለሁ፣ እሷም አይታ ትከፍላለች። አንቺ ጋ መጥተው «ትንሽ ጨምሪልን» ቢሉሽ ወደ እኔ ላኪያቸው። አንቺ እንድትቆጣጠሪልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ የድሬ ፀሐይ ሲሚንቶን ሳይጠነክር ስለሚያደርቀውና ስለሚሰነጥቀው መተላለፊያው ከተሞላ በኋላ ለ7 ቀናት እርጥብ ጆንያ ተደርጎበት ጠዋትና ማታ ውኃ መጠጣት አለበት። ሠራተኞች ይህን ይረሳሉ፤ አንቺ አትረሺም።

ለማጠቃለያው የቀረው የመስኮቱ ቦታ ነው። እኔ በወረቀት ላይ ከማጠቢያው በላይ አድርጌዋለሁ፤ አንቺ ግን የግቢውን በር ማየት ትወጃለሽ፣ ማን እንደገባ ሳታዪ ሥራ አይጥምሽም። ስለዚህ አንድ ማለዳ እንደ ልማድሽ ወንበርሽን ይዘሽ ግቢና የምትቀመጪበት ቦታ ላይ ተቀምጠሽ፣ ዓይንሽ በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ በከሰል ምልክት አድርጊ። እኅቴ ፎቶ አንሥታ ትልክልኛለች፤ ግንበኛውም እዚያው ይከፍተዋል።

እጅሽን እስማለሁ፤
ልጅሽ